አራተኛው መሳቢያ

ዛብዤ፣ የከሰል አገር፣ ብርዱ በጠና ሰሞን፣
ጭሱ ጣሪያ ላይ አድሮ ሲጋርደው ማለዳውን፣
የክሊኒካችን ደወል ከሥራ ይፈታል፤
ሰው በሩን ሳይነካ ሳሉ ያንኳኳል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ መዝገብ ጸሐፊ ነኝ፤
ኅዳር ላይ ዶክተር ኤርድሙታ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦
«ሮዛሊያ፣ እስቲ ቁጠሪልኝ።
አስም የምንለው ስም አንድ ጃንጥላ ነው፤
ከሥሩ የቆመውን ምን ምን እንዳነቀው፣
ስንቱ በየትኛው፣ ለይተን እንወቀው።»

ቆጠርኩ።
ፓፉ ያልገታቸው፣ ኪኒን ያልመለሳቸው፣
ሌሊት ቁጭ ብለው መስኮት የሚያነጋቸው፣
ዘጠና ስምንት ሰዎች። አራት መሳቢያ አለኝ።
የሰው ትንፋሽ በወረቀት ሲደረደር ገረመኝ።

የመጀመሪያው አለርጂ ነው፤ ሃያ ሦስት ሰው፤
የድመት ጸጉር፣ የፍራሽ ብናኝ፣ የዛፍ አበባ የሚያፍነው።
ኤርቪን እዚህ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪው፤
አርባ ዓመት ያበላው ዱቄት ጉሮሮውን ያዘው።

በሁለተኛው ሠላሳ አንድ።
ደማቸው ውስጥ ኢዮሲኖፊል የሚባል ዘብ አለ፣
ማይክሮስኮፕ ሥር ቀለም ሲነካው ፍም የመሰለ፤
ጠላት ሳይመጣ ተኩሶ የገዛ ቤቱን ያቃጠለ።

ሦስተኛው ሞልቶ አልዘጋ አለኝ።
ብናኙም ዘቡም ተባብረው የያዟቸው፣
ሠላሳ ሦስት ናቸው።
አንድ ሰው አንድ ሕመም የሚመስለኝ እኔ፣
ድርቡ ከየነጠላው በልጦ አየሁት በዓይኔ።

አራተኛው፣
ከሁለት ያጡ።
አለርጂ የለ፣ ዘብ የለ፤ ደረታቸው ግን ዝግ።
አስራ አንድ።

መጋቢት ላይ አዲሱ መርፌ በበረዶ ሳጥን መጣ፤
ለአንደኛው፣ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛው ዕጣ ወጣ፤
አራተኛው መሳቢያ ተራው ሳይደርሰው፣ ድምፁም አልወጣ።

አሎይዚ ከእነዚያ አንዱ ነው።
ሠላሳ ዓመት ምድር ሥር ከሰል ሲፈልጥ ኖሮ፣
ጡረታ ሲወጣ ጣሪያ ላይ ከርግቦቹ ጋር አድሮ፣
በምርመራው ዕለት ከሁሉ በላይ የፈራው
«ርግቦቹ ናቸው» እንዳይሉት ነበር።
ነጻ ወጡ። ርግቦቹ ነጻ ወጡ፤
እሱ ግን አልወጣም።

«ስንት ነን?» አለኝ፣ በመስኮቴ አጎንብሶ።
«አስራ አንድ።»
«አስራ አንድ? እሰይ! ቡድናችን ሞላ፤
ዳኛ እንኳ አንፈልግም፣ ፊሽካው ደረቴ ነው፣ ምን ቀረን ሌላ!»
ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲርታ ሆነ፤
ወንበር ብሰጠው ገፋው፤ ግድግዳ ይዞ ቆሞ ደረቱን ለመነ።

ግንቦት ላይ፣ የገርትሩዳን፣ የሒሳብ መምህሯን፣
ዶክተሯ ቀስ በቀስ ቀነሰች ኪኒኗን።
ለካ ያ ኪኒን ነው ለዓመታት
ዘቡን አስተኝቶ ደሟን ባዶ ያስመሰላት።
ደግመን ቀዳን፤ ፍሙ ብቅ አለ።
ካርዷን ከአራት አውጥቼ ሁለት ውስጥ ከተትኩ፤
ሠላሳ አንዱን ሠላሳ ሁለት፣ አስራ አንዱን አስር አልኩ።
ከመርፌው በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣
ሦስተኛ ፎቅ በእግሯ ወጥታ መጣች፤
የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ፣
አንዲት ቃል መሃል ላይ ሳታርፍ።

ለአሎይዚ ነገርኩት።
ዝም አለ። ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።
«በረኛችን ሄደች በይኛ!
ይቅናት። መረቡን ክፍት ትተን እንጫወታለን እኛ።»

ከዚያ መዝገቤን በመስታወቱ አሻግሮ አየና
«በብዕር ነው እንዴ የምትጽፊው?» አለኝ።
«አዎ።»
«አስሩን ግን፣ እባክሽ፣
በእርሳስ ጻፊው።»