አቧራ ያልነካት ክብ

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ፣
ሰው ሽቅብ ቁልቁል ሲልክ፣ ገመድ ሲያጠብቅ አድሮ፣
ኪሃቺ ጡረታ ወጣ።
ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም፣ በእግር የሚወጣ።

ኦኖሚቺ ዳገት ላይ የተንጠለጠለች፣
ባሕሩን በደሴት ገፍታ እንደ ወንዝ ያቀጠነች፤
ከመስኮቱ ሥር ጀልባ፣ ከጣሪያው በላይ ደወል፣
ድመት ከግንብ ግንብ ዘሎ ሲያዛጋ የሚውል።

ሚስቱ ታዙኮ ከሞተች ሁለተኛው ክረምት ገባ።
ልጁ ደወለችለት፤ "ምን ትሠራለህ አባባ?"
"መቅደስ እየሠራሁ ነው" አላት።
"የት ላይ?"
"ከጫማ መደርደሪያው በላይ።" ሳቋ በስልኩ መጣለት።

ስፋቱ ሁለት ስንዝር፣ ጥልቀቱ ስንዝር ከጋት፤
ወለሉ የጥድ ሳንቃ፣ ጀልባ ሠሪ የጣላት።

መጀመሪያ ዕቃ አበዛ፦
ሻማ አቆመ፣ ቃጭል ሰቀለ፣ በባትሪ የሚሠራ ፏፏቴ ገዛ፤
ሁሉ በመቶ የን ከሚሸጥበት የሚስቅ የሸክላ መነኩሴ አመጣ፤
ቁጭ ብሎ ቢያየው ጊዜ፣ ሱቁ ራሱ ቤቱ መጣ።

ክብደት ሲበዛ ሊፍት ይጮኻል፤ ግድ ነው አንድ ሰው መውረዱ።
ሻማው ወረደ፣ ቃጭሉ ወረደ፣ ወረዱ አንድ ባንዱ፤
መነኩሴው እንኳ ወረደ፣ ሳቁን ሳያጥፍ፣ ለጎረቤት ልጅ።
የቀረው አንድ ድንጋይ ነው፤ ከወንዙ አፍ፣ ከባሕሩ ደጅ።

ጥቁር ድንጋይ፣ የእንቅልፋም ድመት ጀርባ የመሰለ፣
በጎኑ አንድ ነጭ ጅማት እንደ ክር የተሳለ።
ዙሪያውን የድንጋይ ሽበት፣ ከአሮጌ አጥር የተፋቀ፤
እሱ በነጭ ሸበተ፣ ድንጋይ በአረንጓዴ ላቀ።

በየጠዋቱ በጠርሙስ ክዳን ውሃ ያኖራል።
ይቀመጣል።
ጸሎት አያውቅበትም፤ ትንፋሹን ይቆጥራል፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ላይ የጋዝ ክፍያው ትዝ ይለዋል፤
ከአንድ ይጀምራል።
ጉልበቱ ሲጥ ይላል፣ ዘይት እንደጠማው ማጠፊያ፤
"ቆይ" ይለዋል። ጉልበት ግን መቼ ሰምቶ ያውቃል ማስፈራሪያ።

አንድ ሌሊት፣ ልማዷ ነው በዚያ አገር፣ ምድር ተነቃነቀች፤
ትንሽ ነበረች፤ ሳህን አንኳኩታ አለፈች።
አምፖሉ ሦስቴ ተወዛወዘ። ውሻ ጮኸ። ዝም።
ጠዋት ቢያይ ድንጋዩ ከቦታው የለም።
ተንከባሎ ፍሪጁ ሥር ገብቶ ተሸሽጓል፤
ወገቡ እምቢ አለው፤ "ነገ" አለ፤ ነገም ሌላ ነገ ወልዷል።

እሱ ግን ከልማድ ብዛት ተቀመጠ ባዶው ፊት።
በሳንቃው ላይ አንዲት ክብ፤ አቧራ ያልነካት፣
ድንጋዩ ስድስት ወር ተኝቶ የጠበቃት፤
ቀለሟ ገና ማር፣ ሽታዋ ገና ጥድ፣
እንደ ትናንት እንጨት፣ አሁን እንደተላገ ገመድ የሌለው ግንድ።
ሦስት ቀን እጅ ነሣ፤
ለማን እንደሆነ አልጠየቀም፣ ስምም አላነሣ።

በአራተኛው ቀን በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ቆፍሮ ፈለገ፤
ድንጋዩ ወጣ። ከኋላው ሌላ ነገር "ቀጭ" አደረገ።

የማጆንግ ጠጠር! አራት ሰው ከቦ የሚጫወታት፣
ከጓደኞቿ ሁሉ እሷን ብቻ ምንም ያልጻፉባት፤
ፊቷ ባዶ ነው፣ ስሟም "ነጭ" ነው፣ እንዲሁ ነው የሚሏት።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጠፍታ ቤት ያመሰች ይህች ናት።
"አንተ ነህ የጣልካት!" ትላለች ታዙኮ፤ "አንቺ ነሽ" ይላት፤
ሲሸነፍ ዕቃ ይደብቃል ብላ ለጎረቤት አማችው፤
አንድ ክረምት አኮረፈች፣ ሻይ በገዛ እጁ አስቀዳችው።
በምትኳ ከሳሙና ቆርጣ ነጭ ጠጠር ሠራች፤
በእንግዶቹ ላብ እየሟሟች፣ ጨዋታው ሳያልቅ አለቀች።

አሁን ድንጋዩ በር ይይዛል፣ ንፋስ ሲመጣ እንዳይዘጋ።
ጠጠሯ ከክቧ መሐል፤ ከክቧ ታንሳለች፤
ዳር ዳሩን ጥቂት ማር የመሰለ ባዶ ትታለች።

"ፍሪጁ ነው የወሰዳት" አለ ጮክ ብሎ፣ ለግድግዳው።
ከታች ጀልባ ጮኸች። ውሃውን በክዳኑ ቀዳው።