መንገድሽ የት ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጅ እስከ ጎማው የሚውጥ ጥቁር ጭቃ፤
ከብሎኬት ማምረቻው ጎን አንድ ቆርቆሮ ሱቅ አለ፤
ስም አልተጻፈበትም፤ ሰው “ጉተማ ጋ” እያለ
ያገኘዋል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ሸሚዙ እስከ ክንዱ በብየዳ ጢስ ታጥኖ፣
ካጎነበሰበት ቀና አላለም ስገባ።

ሦስተኛዋን ይዤ ነው የመጣሁ፣ ከኮዬ ፈጬ፣
እንደታመመች ዶሮ በብብቴ ሸጉጬ።
የመጀመሪያዋ ጎዴ ላይ አሸዋ ቅማ ሞተች፤
ሁለተኛዋ ጂንካ መንገድ ከአይሱዙ ላይ ወደቀች፤
ይቺኛዋ ምንም አልሆነች፤ ብቻ ኑሮ ታከታት፤
ማጠፊያዋን በፕላስተር አሰርኩላት፤
ገመዷ ሲነቀል ግን ሦስት ደቂቃ አትቆይም።
“በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፣ በራሷ አሳጠረች” አለ፣
ፕላስተሩን በጥፍሩ እየላጠ፣ ፈገግ እንዳለ።

ሥራዬን ነገርኩት። የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ እመረምራለሁ፤
ባለፈው ወር መተማ ነበርኩ፣ አሁን ያቤሎ እሄዳለሁ።
ወረዳው መብራት የለውም፤ ካለም ማታ ይመጣል፤
ወረፋው ግን ገና በጠዋት በራፉ ላይ ይቀመጣል።
አንዲት ሴትዮ ሃያ ሃያ ብር ያስጻፈችበትን፣
ላብና ቅቤ የጠጣ ደብተር ትዘረጋለች፤ ያንን
ከኔ ቁጥር ጋር ስታስተያይ ትንፋሿን ትይዛለች።
ያን ሰዓት መሣሪያዬ ብትጠፋ፣ የምትጠፋው እሷ ነች።

የፎቁ ጎረቤቴ ቃለአብ፣ “ደመና ላይ አስቀምጪው” ይለኛል፣
“ብረት ምን ያሸክምሻል?”
ከያቤሎ ማዶ፣ ኔትወርክ ከኮረብታው በማይወርድበት ቀበሌ
ደመና አለ፤ ዝናብም የለው።
ላም አለኝ በሰማይ።

ጉተማ “ስንት ብር ይዘሻል?” አላለኝም።
“መንገድሽ የት ነው?” አለ። “አስፋልት ነው፣ ኮረኮንች?
ቦርሳሽ ጭንሽ ላይ ነው፣ ወይስ ረዳቱ ይወረውረዋል ጣራ?
ከምን ጋር ይጓዛል? ከጄሪካን? ከፍየል ጋራ?”
እስከዛሬ ሻጮች የጠየቁኝ የምወደውን ቀለም ነበር።

መጀመሪያ ቀጭኗን አወጣ፤ ብርማ፣ እንደ ምላጭ የሳሳች፤
አልዋሽም፣ ልቤን ወሰደች።
ሁለት ጣቱን ክዳኗ ላይ አሳርፎ ተጫናት፤
ምስሏ ድንጋይ እንደወደቀበት ኩሬ ተናወጠባት።
“ይቺ የሠርግ ናት” አለኝ፣ “ለፎቶ፣ ለጠረጴዛ፤
ብትታመም ማን ያክማታል፣ ሆዷ በሙጫ ተይዛ?”

ሌላዋን ከመደርደሪያው ሥር፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ጎተተ።
ጥቁር ናት፣ ወፍራም፤ ጠርዟ ተፍቆ ገርጥቷል፤
ጀርባዋ ላይ የአንዱ መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥር ቀርቷል።
አንድ ማዕዘኗን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳት።
አልጮኸችም። አልተጣመመችም።
ጆሮውን ማራገቢያዋ ላይ ጣለ፤ አባቴ በቅሎ ሲገዛ፣
ጥርሷን አይቶ ኮቴዋን አንስቶ ዝም እንደሚለው፣ ዝም አለ።
ከዚያ ብሎኗን ፈታ። “ይሄ ቢሞት ሻሸመኔ አለ፤ ይሄ ቢሞት ጎንደር፤
ባትሪዋን ራስሽ ትቀይሪያለሽ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ።”

ከቁልፎቿ መሀል ዜሮዋ ተልጣለች።
ማን ነበር? ስንት ሚሊዮን ጽፎ ነው?
ወይስ እሱም እንደኔ፣ ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ?

መብራት ሄደ፤ ልማዱ ነው። የብሎኬቱ ማሽን ጸጥ አለ።
ሱቁ ውስጥ የቀረው ብርሃን የሷ ብቻ፣
የጉተማ አገጭ ላይ፣ የተፈቱት ብሎኖች ላይ።
አልኮራባትም። “ባትሪዋ አሮጌ ነው” አለኝ፣
“አራት ሰዓት ትቆይልሻለች። ከዚያ በላይ ካልኩሽ ዋሽቻለሁ።”

ለመኝታ ቤቴ በር ያጠራቀምኩትን ቆጠርኩለት።

አራት ፎቅ በደረጃ። ትከሻዬ ማንገቻውን ረገመ፤
ትከብዳለች፣ ምን ይደበቃል።
የያቤሎው አውቶቡስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው፤
በበሩ ፋንታ የሰቀልኩት መጋረጃ በነፋስ ይነፋል።
የሴትዮዋን ስም ጻፍኩ፣ ከጎኑ ሃያ፣
ክዳኗንም ደፋሁት። ቀጭ አለ።
እቤቴ ውስጥ በደንብ የሚዘጋ ነገር እሱ ብቻ ነው።