አሥራ አራተኛው ዙር

«ስድስት ሰንሰለት ሥሪ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥሚ፣
በቀለበቱ ውስጥ ትከዪ አሥራ ስድስት ቋሚ።
ከዚህ ወዲያ ልብ በይ፤
በየዙሩ ካልጨመርሽ ቆብ ይሆናል፣
ካበዛሽ እንደ ጎመን ቅጠል ይተጣጠፋል፤
ለጥ ብሎ እንዲተኛ ስንት እንደሚበቃው
በመዳፍሽ ዳብሺው፣ እሱ ራሱ ይነግርሻል።»

ይህን ያለችኝ አንጓች ናት፣
ግሽ ዓባይ፣ በረንዳዋ ላይ፣ በክረምት፣
ዝናቡ ከቆርቆሮው በላይ፣ እሷ ከሥሩ እየጮኹ።

አንጓች የፋብሪካ ሰው ነበረች።
ሃያ ሦስት ዓመት በጨርቃ ጨርቁ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል፣
ጆሮዋን ለማሽኑ ሰጥታ
ጣቷን ይዛ ወጣች።
እኔም ጮኬ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ጮኻ ትመልሳለች፤
ቁጥራችንን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

ንድፉ ከመጽሔት ነው።
ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ሽፋን የለው፣
ቋንቋውን የሚያውቅ የለው።
ግን ክቡ ክብ ነው፣ መስቀሉም መስቀል፤
አንጓች፣ ከስሟ በቀር ፊደል ያልቆጠረችው፣
ይህን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች።

በጠርዙ ዙሪያ ስምንት አናናስ አለ፣
ጫፋቸው ወደ ውጭ።
«ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ አንድ ማታ።
«ፍሬ ነው፤ አናናስ ይባላል።»
«በልተሽው ታውቂያለሽ?»
«ጭማቂውን። አንዴ። ሰርግ ላይ።»
«እኔ አልቀመስኩት! ያልቀመስኩትን ምን አሸከመኝ?»
አሥራ አራተኛውን ዙር ጫፉን ይዛ ሳበችው።
ክሩ እየተጠማዘዘ ጭኗ ላይ ተከመረ፤
የአንድ ሳምንት ማታዬ ነበረ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ፣
ደንገሉ ውኃው ላይ ወደሚያጎነብስበት።
አንዱን ራስ ቀጠፈች፣
እንደ ጃንጥላ አዟዟረችው፣
ጭራውን አንድ በአንድ ቆጠረችው፤
ስልሳ ስትደርስ ነፋስ አመሰቃቀለባት፣
ሳቀች፣ ከአንድ ጀመረች።
ታንኳውን ያቆመ ሰውዬ
«ምን ጠፋባችሁ?» አለ።
«ቁጥር!» አለችው፣ ማዶ እስኪሰማ።

አናናስ ከሥሩ ሰፍቶ ከጫፉ ይሾላል፤
ደንገል ግን ከሥሩ አንድ እግር፣ ከራሱ ብትን ነው።
ስለዚህ ንድፉን ገለበጥነው፤
ሰንሰለት የነበረው ቋሚ፣ ቋሚ የነበረው ሰንሰለት፤
ጫፉ ሲበተን እንዳይተጣጠፍ
ከሥሩ ሁለት ሁለት ቀነስንለት።

ሦስቴ ቆብ ሆነ። አንዴ ጎመን።
በአምስተኛው ተኛ፣
ጣና ጧት በማለዳ እንደሚተኛው።

አሁን ማን ይልበሰው?
ቴሌቪዥን ድሮ ጀርባ ነበረው፣ ትከሻ ነበረው፣
ዳንቴሉን ደርቦ እንደ እመቤት ይቀመጥ ነበር፤
ዛሬ ከስቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣
አናቱ ላይ ዝንብ እንኳ ቦታ የላት።
ሶፋው ቆዳ ሆኖ ያንሸራትታል።
ለጠረጴዛው ልጇ ፕላስቲክ ገዝታለች፣
አበባው የታተመ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ።

የመጣው ሽባባው ነው፣ ባለ ባጃጁ።
«ለመስታወቴ ሥሩልኝ፣ ከፊት፣ ከመሪው በላይ።»
የባጃጅ ግንባር ክብ አይደለም።
ክቡን ለሁለት ከፈልነው፣ በቁጥር እንጂ በመቀስ አይደለም፤
ግማሽ ክብ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦
አይዞርም፤
ዳር ደርሶ ይመለሳል፣ ዳር ደርሶ ይመለሳል፣
በተመለሰ ቁጥር አንዲት ዓይን ይውጣል።
አንጓች ስታሰላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ይኸው ዛሬ በፋሲሎ በኩል ይመላለሳል፣
አራት ሳይሆን አራት ከግማሽ ደንገል ተሸክሞ፤
ፀሐይ ሲያርፍበት ጥላው በሹፌሩ ጉልበት ላይ ይተኛል፣
ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይርገበገባል።
«ምንድን ነው ይሄ?» ይላል ተሳፋሪ።
«ደንገል።»
«አናናስ መስሎኝ!» የሚለውም አይጠፋም።

አንጓች ከበረንዳዋ ታየዋለች።
ያቺ ግማሽ ደንገል እንቅልፍ ነስታታለች፤
«ተመለስ!» ትላለች፣ ኪሮሿን እያወዛወዘች፣
«ተመለስ፣ ከዳሩ ልተርትርልህ!»

የሞተሩን ጩኸት እሷ አትሰማም፤
የእሷን ጩኸት በሞተሩ እሱ አይሰማም።
እጁን ያወዛውዝላታል፣ ሰላም ያለችው መስሎት።