ዌል

ዳርቢሸር ውስጥ፣ ከኖራ ድንጋይ ኮረብታ ሥር ባለ መንደር፣
ክሌመንት ኦለረንሾ የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር።
ቃል አያባክንም። ሰው ሁሉ የሚያወራውን ሲያወራ፣
እሱ አንዲት ድምፅ ይዞ ይኖራል፣
እንደ አንድ ዶማ፣ ለሁሉም ሥራ።

«ዌል» ይላል።
በቃ።
የቀረውን ሚስቱ ዶርካስ ትሞላዋለች፤
ከአፉ ሳይሆን ከቅንድቡ ታነበዋለች።

የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ለዚች ቃል ገጽ በገጽ ሰጥቷታል፤
ጉድጓድ ናት ይላል አንዱ፣ ደህና ናት ሲል ሌላው ይሽረዋል።
እኔም ወዳማርኛ ላሻግራት አንድ ሌሊት ታገልሁ፤
ጉድጓድ፣ ጤና፣ እንግዲህ፣ መልካም፣ እሺ፣ ይሁና፣ ጉድ ብዬ
ሰባት ቃል ደረደርሁ።
ሰባቱም ተሰልፈው ቆሙ፣ እንደተጣላ ዘመድ፣
አንዱ ካንዱ አይተዋወቅ፤
እሷ ግን እዚያ ማዶ ያው አንድ።

ጠዋት መሬቱን በጫማው ተረከዝ መትቶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ ይቆማል፤
«ዌል» ካለ እዚህ ጋ ውኃ አለ ነው። አንዳንዴም ይሳሳታል።
ሃያ ሁለት ክንድ ወርዶ ደረቅ አለት ሲገጥመው፣
«ዌ—ል»፣ ረዘም አድርጎ፤ ምን ይደረግ ነው ትርጉሙ።
የቄሱ ሚስት የጎረቤት ሐሜት ሸክፋ ስትመጣ፣
«ዌል፣ ዌል፣ ዌል»፣ ሦስት ጊዜ፤
ጉድ ነው፣ ግን ከኔ አይውጣ።
ዶርካስ ሥጋውን አሳርራ በመረቅ ስትደብቅ፣
«ዌል ደን» ይላታል፤
በስሏል ይሁን፣ ጎበዝ ይሁን፣ አይታወቅ።
አርባ ስድስት ዓመት ጠየቀችው፣
አርባ ስድስት ዓመት ሳቀ።

ከሁሉ ግን የምትታወቀው ሰው ቤት ተጠርተው ሲሄዱ ነው።
ሻዩ አልቆ፣ ወሬው አልቆ፣ ምድጃው ዝምታ ሲማገድ፣
ሁለት መዳፉን አንሥቶ ጉልበቱን ቸብ ያደርጋል።
«ዌል»።
በዚያ አገር ስንብት ይህ ነው፤ አፍ አውጥቶ «ልሂድ» የሚል የለም።
ጉልበት ይመታል፣ ቃሏ ትወድቃለች፣
ዶርካስ ካፖርቱን ልታመጣ ትነሣለች።

በግንቦት፣ የመንደሩን ጉድጓዶች
እርጥብ ሸክላ ላይ በተለጠፈ አበባ በሚያስጌጡበት ሳምንት፣
ቼስተርፊልድ ሆስፒታል ወሰዱት።
ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ አስቁሟት
«ኖት ዌል» አላት።
ደህና አይደለም ማለቱ ነበር።
እሷ የሰማችው ግን «ጉድጓድ አይደለም» ሲል ነው።
እንዴት አይደለም?
ድንጋይ ብትጥልበት ድምፁ ቆይቶ የሚሰማ ሰው!

ጎረቤቶች ካርድ ላኩ። «ጌት ዌል» ይላል ሁሉም፤
በመስኮቱ ደፍ ተደረደረ።
አንዱን አንሥቶ፣ ራቅ አድርጎ አነበበና
«ጉድጓድ አግኝ ይሉኛል፣ ሥራዬ እሱ አልነበረ?»
በዚያ ሳምንት የተናገረው ረጅሙ ነገር ይህ ነበር።

ሐሙስ ማታ፣ መብራቱ ሳይበራ፣
ሁለት እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሣ።
ልትይዘው እጇን ዘረጋች።
እሱ ግን ጉልበቱን መታ፣
ቀስ ብሎ፣ በእንግድነት ደንብ።
«ዌል» አለ።

ዶርካስ ብድግ አለች።
ልማድ ነው፤ እግሯ ከልቧ ቀድሞ ሰማ።
ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ ከመስቀያው አወረደች፤
እጅጌውን ከፍታ ይዛ፣ ክንዱን እስኪያስገባ ቆመች።
ቆመች።

አሁን ጓሮዋ ውስጥ፣ ሲጋቡ በቆፈረላት ጉድጓድ አፍ ትቀመጣለች።
ዓይኗ ሲያቀርር ያም ዌል ነው፤ መዝገቡ በግሥነት ይዞታል፦
ሳይቀዱት፣ ሳይጠሩት፣
ከታች ሽቅብ የሚመጣ።
ልጇ ሮዌና ከሌስተር ትደውላለች።
«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ዌል» ትላለች ዶርካስ።

ልጅቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ
ቀሪውን ትጠብቃለች።