ክንዷ የዞረ «ሁ»

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል፣ ከደረጃው ጎን፣
ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚሆን
አንዲት ክፍል አለችን፣ የአባቴና የኔ።
አርባ ዓመት ጎብጦባት ክብ ማኅተም ቀርጾ
ዓይኑ ሲደክምበት ወንበሩን ለቀቀ፤
ቢላዋው አልደከመም፣ ዞረ ወደ እኔ።

እሱ የጽሕፈት ቤት ስም፣ ቁጥር፣ ኮከብ፣
እኔ ጃንጥላ፣ ወፍ፣ የዝናብ ጠብታ፤
እሱ ለፋይል ነበር፣ እኔ ለሰላምታ።
ጎማው ግን ያው ጎማ፣
ከጫማ ሰፊ ደጃፍ የተለቀመ የሶል ትራፊ፣
ሲጠፋ የተማሪ ላጲስ።

ግድግዳው ላይ ኮምፔንሳቶ አለኝ፣ በስፒል የተበሳሳ።
ዓይኔ የያዘው ሁሉ እዚያ ይሰቀላል፦
ጫፉ የተነከሰ ብርቱካናማ የከረሜላ ልጣጭ፣
ዝናብ ያራሰው የአውቶቡስ ትኬት፣
ከልብስ ሰፊ ወለል ያነሳሁት የከፋይ ቁራጭ፣
ከቸርችል ጎዳና የወደቀች የጃካራንዳ አበባ፣
ሐምራዊነቷን ለቡኒ ያስረከበች።
ሥራ ልጀምር ስል ፊቱ እቆማለሁ፤
«ዛሬ ምን ዓይነት ቀን ነው?» እለዋለሁ።
አንዳንዴ ብርቱካን ይለኛል። አንዳንዴ ዝም።
ዝም ሲል ሻይ እጠጣለሁ።

ሐሙስ እትዬ የሺመቤት መጡ፣
በፌስታል የቀለም ቅርፊት ቋጥረው፤
ጥፍር የምታክል፣ ላይዋ ውሃ ሰማያዊ፣
ከሥሯ አረንጓዴ፣ ከዚያም ሥር ግራጫ።
«የበሬ ናት» አሉ።
አባቴ ከጥጉ፣ ጆሮውም እንደ ዓይኑ፦
«የምን በሬ? የሚያርስ?»
«የሚዘጋ» አሉት። ትንሽ ቆዩና፦ «የሚከፈት።»

አሥራ ሁለት ካርድ ፈለጉ፣ ለአሥራ ሁለት ጎረቤት፤
ሰፈሩ ሲፈርስ አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፣
አንዱ ልጁ ቤት፣ አንዱ እንጃ።
የቀረጽኳትን አበባ አሳየኋቸው፣ ባለ አምስት ቅጠሏን፤
ራሳቸውን ነቀነቁ።
«አበባ አልነበረንም።
ቧንቧ ነበረን።
አሥራ ሦስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፤
የተጣላነውም እዚያ፣ የታረቅነውም እዚያ።»
«ጽሑፉስ? እንኳን አደረሳችሁ?»
«የት አደረሰን?
‹አለሁ› በይልኝ። ይበቃል።»

ቅርፊቷን ሰሌዳው ላይ ሰክቼ ቀለም በጠበጥኩ።
አንደኛው የታክሲ ሆነ፣ ሁለተኛው ዩኒፎርም፣
ሦስተኛው ሰማይ፤
አራተኛው ሲደርቅ በር ሆነ።

ከዚያ ሌሊቱን ቀረጽኩ።
ማኅተም ላይ ቀኙ ግራ ነው፣ የፊቱ የኋላ፤
ቃል የሚሰጥ ሰው ቃሉን ገልብጦ ይይዛል፣
ይኼ የአባቴ ትምህርት ነው።
ቧንቧው እሺ አለ፣ ከአፉ አንዲት ጠብታ።
«አ» እሺ አለች። «ለ» በሁለት እግሯ ቆመች።
«ሁ» ላይ ስደርስ እንቅልፍ ነበርኩ።

ጠዋት አባቴ ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣
ቀስ ብሎ፣ የሕፃን ፊት እንደሚዳሰስ።
«ቧንቧሽ ያንጠባጥባል» አለ። ደስ አለኝ።
ጣቱን ሳያነሳ፦
«ይቺ ‹ሁ› ግን ክንዷ ወዴት ነው የዞረ?»

አተምኩት። እውነቱን ነው።
ወደ ውጭ መዘርጋት የነበረባትን እጅ
ወደ ኋላ፣ ወደ «ለ» ሰዳዋለች፤
ወረፋ ላይ የፊተኛዋን ቀሚስ እንደያዘች ልጅ።

እትዬ የሺመቤት መነጽራቸውን አጥልቀው አዩ፤
ይወዱታል ብዬ ነበር።
«አስተካክይው» አሉ። «መምህርት ጽዮኔ
የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው፤
ይታዘቡኛል።»

አስተካከልኩ።
አምስቱ በፖስታ ሄዱ፣ የሣጥን ቁጥር ነበራቸው፤
ስድስቱ በእድሩ ስብሰባ፣ ከእጅ ወደ እጅ።
የ«እንጃ» ካርድ በእትዬ የሺመቤት ቦርሳ ውስጥ ናት፤
አድራሻ እየጠየቁላት ነው።

የተሳሳተችውን ሰሌዳው ላይ ሰካኋት፣
ከበሩ ቅርፊት አጠገብ።
አባቴ አንዳንዴ ግድግዳውን ይዞ ይመጣና
በአውራ ጣቱ ይፈልጋታል፤
የታተመ ነገር እንደማይዳሰስ
ከኔ በላይ እያወቀ።