ከእኛ ቤት በስተቀር

ወንዙ ሦስት ቀን ሞላ። በአራተኛው ማታ
ወደቡን ተሻግሮ ገባ ከቢሯችን፣ ያለ ሰላምታ።
ፓይሳንዱ ግማሿ ጀልባ ላይ ናት። እኔ በእህቴ በኔሊዳ ጓዳ፣
ኮምፒውተሬን አኑሬ በሽንኩርት ልጣጭ ሜዳ።

ነገ ደሞዝ ነው። የመቶ አርባ ላም አላቢ ስም ዝርዝር
ያለው ሳን ፓውሎ ነው፤ አይቼው ከማላውቀው ሰርቨር።
ደመና ይሉታል። ጠብታ የለበትም።
የእኛ ደመና ግን ከጣራው ላይ አልወርድ አለ፤ ዝም አይልም።

«መገናኘት አልተቻለም» ይላል መስኮቱ፤
እኔ እደግማለሁ፣ እሱም ይደግማል፤ ዳዊት መሰለው ስሕተቱ።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፦ ትልቁን ፊደል፣ ትንሹን ፊደል።
ግን የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ደጃፍ የደረሰ ነው፤ እኔ ገና ከመንገድ፣ ከገደል።
የኔሊዳ ዋይፋይ ያነክሳል እንጂ አልሞተም፤
የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ያመጣል፤ ይህን ብቻ አያመጣም።
ፒንግ ላክሁ። እንደ ድንጋይ ወደ ጉድጓድ ወረወርኩት፤
ጆሮዬን አቁሜ ብጠብቅ፣ ውሃ ሲነካ አልሰማሁት።

ስልክ ጮኸ። ዶን ኤርሞሄኔስ ነው፣ የሌሊቱ ዘበኛ፤
ደረጃው አናት ላይ ተቀምጧል፤ ከእግሩ ሥር ወንዝ ተኛ።
«ያቺ አረንጓዴ ዓይን ያላት ሳጥን፣ ልጄ፣ ተንሳፈፈች፤
ታቅፌያታለሁ፤ ዓይኗን ግን ጨፈነች።
ሰርቨሩ እሷ ናት?» «አይደለችም፤ እሱ ያለው ብራዚል።»
ጥቂት ዝም አለና፣ «እንግዲያ እሱ እንኳ እግሩ ደርቋል እንበል።»

በጓሮ በኩል ዞርኩ። የደመናው ጌቶች መቆጣጠሪያ አላቸው፤
የስክሪኑን ፎቶ አንሡልኝ አልኩ፤ እንደ ራጅ ውጤት ጠበቅኋቸው።
መጣ፦ ሰዓቱ ትክክል ነው፤ የመግቢያው ገጽ ተዘርግቷል፤
መብራቱን አብርቶ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።
አልታመመም።
ማንም አላንኳኳበትም።

ስለዚህ መንገዱ ነው። የፋየርዎሉን ሕግ ገለጥኩ፣ መስመር በመስመር፤
ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ፦ ይኸው፣ የምፈልገው በር።
በእኛ አገር አፍ የጀልባው ወደብና ይህ በር ስማቸው አንድ ነው፤
ያንን ውሃ ዘጋው። ይህንንስ የዘጋው ማነው?

ክፍት ነው ይላል። ለማን? ለአንዲት አድራሻ፤
ለዚያች ሳጥን ብቻ፣ ዘበኛው ለታቀፋት፤ የሕጉ መጨረሻ።
ከጎኑ ማስታወሻ አለ። ማን ነው ይህን የጻፈ ብዬ ልቆጣ አፌን ስከፍት
የእኔው ስም፤ ሌቦች በሩን ሲነቀንቁ ባደሩበት፣ በዚያ በጋ ሌሊት፦
«ከእኛ ቤት በስተቀር ለማንም እንዳይከፈት።»

ከእኛ ቤት።
ቤታችን ወንዝ ውስጥ ነው። እኔ ውጭ ቆሜያለሁ፤
ጎበዝ አጣሪ ነበርኩ፤ ራሴን ሳይቀር አጥሬያለሁ።

የኔሊዳን አድራሻ ጨመርኩ፤ አንዲት መስመር፣ ለዛሬ ብቻ።
«ለሁሉም ክፈት» አጠገቡ ነበር፤ ያጓጓል፣ በድካም ሰዓት፣ የሰነፍ ምርጫ።
አለፍኩት። ነካሁ። ሰከንድ። ሁለት።
ጥቁር። ከዚያ ሰማያዊ። ከዚያ፣ ዓርብ ከሰዓት፦

ሳልዘጋው የወጣሁት ሒሳብ፣ የጀመርኩት ደብዳቤ፣ እንዳለ።
«ክቡራን አባላት፣ ወንዙ ዘንድሮ እንደማይደርስብን ተ...» ብሎ ቆሟል፤
ከፊደሏ ጎን ጠቋሚው አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

ተስፋውን አልጨረስኩትም። ደሞዙን ላክሁ።
ከዚያ ደወልኩለት፣ ሳጥኗን አስቀምጣት ልለው፤
«ተያት» አለኝ፣ «ከካፖርቴ ሥር ሞቃለች፤ ዓይኗን ስትገልጥ እኔ ልየው።»