አንድ ዕቃ፣ ያገለገለ

ቅጹ ላይ ያለችው ሳጥን ጠባብ ናት፤
ሃያ ሁለት ዓመት በየቀኑ ስሞላት
አልሰፋችም አንድ ጣት።
ከስም ሰሌዳው ላይ ቀዳሁ፦ «የብረት መቀጥቀጫ፤ ያገለገለ፤ አንድ ዕቃ፤
መቶ ሰማንያ አራት ቶን።» ፈረምኩ፤ በቃ።

ከሴራን ነው የመጣው፣ ከተዘጋው ፋብሪካ፣
በጠፍጣፋ ጀልባ፣ በወንዝ በቦዩ፣ ድልድይ በድልድይ እየለካ፤
ሊያወጡት ጣሪያውን ቀደዱለት፤ ቀዳዳው እንዳለ ቀረ፤
ርግብ ገባበት አሉኝ፤ በቆመበት ጉድጓድ ዝናብ አደረ።
አንትወርፕ የደረሰ ዕለትም ዝናብ፤ ሸራው ከላይ
ተጣብቆበት እንደ ቆዳ፣ ትከሻው ብቻ የሚታይ።
ግሪስ ቀቡት፣ ዝገት እንዳይደፍረው፣ ጨው እንዳይልሰው፤
ከሥሩ የጥድ ግንድ ነጠፉለት፤ ሕመምተኛ ይመስላል ለሚያየው ሰው።

ሊቨን፣ የጭነት አሳሪዎቹ አለቃ፣ ዞረው አንዴ፣ ዞረው ሁለቴ፤
ሰነዱን ከእጄ ወስዶ አነበበ፤ ከዚያ ቀና አለ ወደ ፊቴ፦
«ስንት እንደሆነ ጽፈሃል። የት ነው ግን ክብደቱ?
የቱ ጋ ነው የሚሰበሰበው? አናቱ? ወገቡ? ደረቱ?»
የሠራው ድርጅት ከስሯል፤ ሥዕሉን ጎርፍ በልቶታል፤
ክሬኑ በሰዓት ይከፈላል፤ የባሕሩ ሙላት ሊጎድል ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።
«መንጠቆው ባንድ ክንድ ከሳተ...» አለና መዳፉን አጋደለ፤
የቀረችውን ግማሽ ጣቱን አሻሸ፤ ሌላ ምንም አላለ።

ጥበቃዋ ቀደም ብላ ነግራኝ ነበር፦ ከአጥሩ ማዶ
አንድ አዛውንት ቆሟል፤ ከሴራን በባቡር ማልዶ፤
ሠርቼበታለሁ ይላል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፤
ለምን መጣህ ሲሉት፣ «እንዳትጥሉት»።

አስገባነው። ኦታቪዮ ዛንቤሊ። የሰጠነው ቆብ ሰፋው፤
አላለቀሰም፣ አልሳመው፤ ጎኑን በትከሻው ገፋው፣
በረት ውስጥ መንገድ እንደሚዘጋ በሬ።
«ሥዕል ቢኖራችሁም ይዋሻችኋል» አለን፤ «ልንገራችሁ ዛሬ፦
ጀርባው ተሰንጥቆ፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በሌሊት ፈረቃ
ዘጠኝ ቶን ብረት ደረብንለት፤ የነገርነው የለም፤ አለቃ
እንዳይቆጣ።»
መቶ ሰማንያ አራትን ሰረዝኩ፤ መቶ ዘጠና ሦስት ጻፍኩ፤
እንደዚያን ቀን በቁጥር አላፈርኩ።

ጠመኔ ጠየቀ። ሁለት ርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚያዳምጥ ይመስል ዘመመ፤
«እዚህ ጋ።» ትንሽ መስቀል አሰመረ፣
ሊቨን ከገመተው ሁለት ስንዝር ወደ ግራ የዞረ።

ጎዴሊቭ ከክሬኑ ጎጆ ውስጥ ሆና ገመዱን ስትስብ
ግንዱ ተንቋቋ፤ ከብረቱ ስንጥቅ ወጣ እንደ ላብ
የቆየ ዘይት።
አንድ ጣት ያህል ተነሣ። ቆመ። ዝም።
አላጋደለም።
ውሃ የሞላ ሳፋ ቢያስቀምጡበት ጠብታ አይፈስም።
ኦታቪዮ አላየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶን የጫማውን ክር ያስር ነበር።

ባሕሩን እኔ አላውቅም፤ ወረቀት ነው የኔ ባሕር፤
ሮዴልዮ ነው የጻፈልኝ፣ የመርከቡ ሁለተኛ መኮንን፣ የሴቡ ልጅ፦
«ከአፍሪካ ጫፍ ወዲያ አምስት ሌሊት ማዕበል፤ በየሰዓቱ
ባትሪ ይዤ ወርጄ ሰንሰለት ቆጠርኩ፤ ደህና ነው ሃያ አራቱ፤
እሱ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤
የተናጥነው እኛ ነን፤ ምግብ ሆዳችን አልቆየም።»

ሃይፎንግ ሲደርስ ደግሞ ፎቶ መጣ፤ ከመሐንዲሷ፣ ከትዌት፦
ሸራው ተገልጦ፣ መስቀሏ ፈዛ፣ በአጠገቧ አንድ ጣት።
«ይህን ማን አሰመረው? ሁለት ቀን አስልተን ደረስን እዚያው።
ሌላ የሚያውቀው ካለ ጠይቀውና ላክልን በዚያው።»

ደወልኩለት። «ንገራቸው» አለ፣ «ውርጭ ሲበረታ
ግራ ቧንቧው ዘይት አይቀበልም፤ ያሙቁት ከማታ።»
«ኦታቪዮ፣ እዚያ አገር ውርጭ የለም» አልኩት።
ዝም አለ። ከኋላው የማንኪያ ድምፅ ሰማሁት፤
ሰው ሳህን ያጥባል።
«ውርጭ ከሌለማ» አለኝ፣ «ውርጭ ከሌለማ ይመቸዋል።»